«ይቆይ» የተባሉ ፔርሙሶች

ባለፈው ሳምንት አንዲት ልጅ ሱቄ መጣች። ፀጉሯ የተተኮሰ፣ ጫማዋ የተወለወለ፤ በጋምቤላ የመጋቢት ፀሐይ ግንባሯ ላይ አንዲት ጠብታ ላብ የለም። እኔ ሳልንቀሳቀስ ቁጭ ብዬ በቀን ሁለት ጀሪካን ላብ የምሞላ ሰው ስለሆንኩ እንዲህ ያለ ደረቅ ሰው ሳይ እጠረጥራለሁ።

«ጋሼ፣ ስለ ዳይሬክት ማርኬቲንግ ሰምተው ያውቃሉ?» አለችኝ።

ቅዳሜ በአንድ ሆቴል አዳራሽ ሥልጠና አለ። ልምድ ያላቸው አሠልጣኞች ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ይመጣሉ። ዕቃን ያለ ሱቅ፣ ከሰው ወደ ሰው መሸጥን ያስተምራሉ፤ በሦስት ሰዓት ውስጥ ሥራ ፈጣሪ ያደርጉኛል። ለመግቢያ የሚሆን የቤት ሥራም አለ ብላ ከአንድ እስከ መቶ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ሰጠችኝ። «የሚያውቋቸውን ሰዎች ስም ይሙሉበት።»

«የኔ እመቤት፣ እኔን እዚህ ከተማ የባሮ አዞ እንኳ በስሜ ጠርቶ ነው ሰላም የሚለኝ። ወረቀት ጨምሪ» አልኳት።

ሳቀች። እስክሪብቶዋን ተቀብዬ ጀመርኩ፤ ዘጠነኛው ላይ ቆምኩ። ደንበኛማ ሞልቶኛል፤ ግን «ባለ ቀይ ሞተሩ» ወይም «ሁልጊዜ ባትሪ ድንጋይ የምትገዛው» ተብሎ ቅጽ አይሞላም። ልጅቷ ዘጠኙን ስም አየችና የሦስቱን ስልክ ቁጥር ጠየቀችኝ። «ስልክ የላቸውም፤ ሞተዋል» አልኳት። ወረቀቱን ቀስ ብላ ከእጄ ወሰደች፣ አጣጠፈች፣ «ሌላ ቀን እመለሳለሁ» ብላ ሄደች። እንደማትመለስ እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ።

ከማራገቢያው ሥር ብቻዬን ተቀምጬ ሳስበው፣ ይህን ትምህርት እኔም ተምሬዋለሁ። አዳራሽ አልነበረውም እንጂ አሠልጣኞቹ ልምድ ነበራቸው።

አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር። አባቴ ከሞተ በኋላ ጎሬ ያለው ቤታችን ለታላቅ ወንድሜና ለሚስቱ ጠበበ፤ ወይም እኔ በዛሁባቸው። ወንድሜ ክፉ ሰው አይደለም። አንድ ቀን ምሳ ላይ «ቆላ ሥራ አለ ይላሉ» አለ፤ ይህን ከማለቱ በፊት ግን ሚስቱ ልብሴን አጥባ፣ አጣጥፋ፣ በር አጠገብ አስቀምጣልኝ ነበር። በጭነት መኪና፣ በሽንኩርት ጆንያ ላይ ተቀምጬ የቡሬን ቁልቁለት ወረድኩ። ከጎሬ ስነሳ ጉም ስለነበር የአባቴን ካፖርት ለብሻለሁ። በየጠመዝማዛው አንድ አንድ ቁልፍ ስፈታ መጥቼ ጋምቤላ ስደርስ የመጨረሻው ቁልፍ ራሱ ቀልጦ ወደቀ። ሐጂ ከድር የቀጠሩኝ ይህን ስነግራቸው ነው። «እንዲህ የሚዋሽ ልጅ ለሽያጭ ይሆናል» አሉ።

ሐጂ ከወሎ መጥተው ድልድዩ አጠገብ ሱቅ የከፈቱ፣ እንደ ሽቦ የቀጠኑ ነጋዴ ነበሩ። ከሱቁ ጀርባ፣ የሳሙና ካርቶን በተደረደረበት መጋዘን ውስጥ አንድ ፍራሽ ሰጡኝ። እሳቸው ቤተሰባቸው ጋ ይሄዳሉ፤ እኔ ከሳሙናው ጋር እቀራለሁ። ከተማው እርስ በርሱ የሚያወራው በአኙዋክኛና በኑዌርኛ ነው፤ አማርኛ የሚወጣው ለገበያ ነው። የሚያናግረኝ ባጣ ለወባ ትንኞቹ ስም አወጣሁላቸው፤ አንዷ ታማኝ ነበረች፣ በየቀኑ እዚያው ቦታ ላይ ነው የምትነክሰኝ። እሑድ ይብሳል። ሰው ሁሉ ልብሱን አሳምሮ፣ መጽሐፍ ቅዱሱን ይዞ፣ ልጁን እየጎተተ ያልፋል። እኔ ባሮ ዳር ተቀምጬ ማንጎ እበላለሁ። በአንድ እሑድ አርባ በልቻለሁ፤ አርባ አንደኛውን ማን እንደበላው አላስታውስም። የብቻ ሰው የሚበላውን የሚቆጥርለት የለም፤ ቢበላም አይጠግብም።

የሐጂ ትምህርት አጭር ነበር። «ሱቅ የሚመጣ የቸገረው ሰው ነው፤ ያልቸገረውን እቤቱ ሄደህ ነው የምታገኘው» አሉኝ። በር ላይ አትቁም፣ ግባ። ዕቃውን አንተ አትያዘው፣ እነሱን አስይዛቸው። ዋጋውን መጨረሻ ላይ ተናገር። ከሁሉ ያጠበቁት ግን ይኼኛውን ነው፦ «የዚህ አገር ሰው አማርኛው እንደኛ እንደ ደገኞቹ አይዞርም። እሺ ካለ እሺ ነው፣ እምቢ ካለ እምቢ ነው። የተናገረህን እንዳለ ውሰድ።» ጉድ የሠራኝ ይህ ነው።

ከዚያ ጽጌረዳ የተሳለባቸው አሥራ ሁለት አረንጓዴ ፔርሙሶች ከነካርቶናቸው ሰጡኝ። «ማታር ደርሼ እስክመለስ ሽጠህ ጠብቀኝ። ካልሆነልህ ግን ለዚህ ሥራ አልተፈጠርክም፤ ጎሬ በሚሄድ መኪና አሳፍርሃለሁ» አሉና ሸቀጣቸውን ጭነው ወደ ድንበር ወረዱ። ጎሬ መመለስ ለኔ ምን እንደሆነ አልነገርኳቸውም። ያ የታጠፈ ልብስ ተመልሶ የሚዘረጋበት ቤት አልነበረም።

የመጀመሪያው ቀን አንድ ሽማግሌ ግቢ ገብቼ ድምፄን ከፍ አደረግኩ፦ «ይህ ፔርሙስ የሞሉበትን ሻይ ሃያ አራት ሰዓት ሙሉ ሙቀቱን ይይዛል!» ወሩ የካቲት ነው፤ ወፍ በበረረችበት ተጠብሳ የምትወድቅበት ወር። ሽማግሌው ከኒም ዛፍ ሥር ሆነው ፔርሙሱን አገላብጠው አዩት።

«ሙቅ ነው የምትሸጠው?»

«አዎ አባባ።»

«ለጋምቤላ?»

ቤተሰቡን ሁሉ ጠርተው አሳዩ፤ ፔርሙሱን አይደለም፣ እኔን።

በሦስተኛው ቀን ማማ አሪያት ቤት ደረስኩ። ባሏ የሞተባት አኙዋክ ሴት ናት፤ የደረቀ ዓሣ በራሷ ተሸክማ ሰፈር ለሰፈር እየዞረች ትሸጣለች፤ በቤተ ክርስቲያኗ መዘምራን ውስጥ የሷ ድምፅ ከሁሉ ይጎላል። እናቴ እንዳስተማረችኝ ጎንበስ ብዬ «እንደምን አደሩ?» አልኳት። ግራና ቀኟን አየች።

«ማን ማን?»

«እርስዎ።»

«እኔ ብቻዬን ነው ያደርኩት» አለች ኮስተር ብላ። «አደሩ ትላለህ። ሌላ ሰው የለም እዚህ።»

ለአክብሮት ነው ብዬ ላስረዳት ሞከርኩ። «ብዙ ሰው አታድርገኝ፤ አንድ ነኝ። አንቺ በል» አለችኝ። እኔም አንድ ነኝ ልላት ፈልጌ ነበር። የያዝኩት ግን ፔርሙስ ስለሆነ ስለ ፔርሙስ አወራሁ፤ እጇ ላይ አስያዝኳት፤ ሙቀቱ እንደሚቆይ ነገርኳት።

«ጥሩ ነው» አለች።

«ትወስጃለሽ?»

«ይቆይ።»

ጎሬ ቢሆን ይህን ቃል ሰምቼ ዕቃዬን ሰብስቤ እወጣ ነበር። ጎሬ ላይ «ይቆይ» ማለት በጨዋ አፍ «ደጄን ልቀቅ» ማለት ነው። ግን ሐጂ ምን አሉኝ? የተናገረህን እንዳለ ውሰድ። ይቆይ ካለች ይቆይ፣ እዚያው። ፔርሙሱን መደቡ ላይ አስቀምጬ፣ እጅ ነስቼ ወጣሁ። ከኋላዬ ስትጣራ ሰማኋት፤ ምስጋና መሰለኝና እጄን አውለበለብኩላት።

ከዚያ ወዲያ ሥራው ቀለለኝ። በአምስት ቀን ውስጥ አሥራ ሁለቱንም በአሥራ ሁለት ቤት ተከልኳቸው፤ ሽማግሌው ጋ እንኳ ተመልሼ አንዱን ትቻለሁ። ኒውላንድ ሰፈር ያለ አንድ የኑዌር መምህር «ለጊዜው ይቆይ» ሲለኝ፣ «ለጊዜው» የምትለዋን እንደ ሙከራ ጊዜ ቆጠርኳት። የዓለም ታላቁ ነጋዴ ሆኜ ሳሙናው ላይ ተንጋለልኩ፣ ሐጂን ጠበቅኩ።

ሐጂ አቧራ ለብሰው ተመለሱ።

«የት አለ ዕቃው?»

«ሰው ቤት።»

«ሸጥከው?»

«ይቆይ ብለውኛል።»

ኮፊያቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ። «አንተ ልጅ፣ ይቆይ ማለት አልፈልግም ማለት እኮ ነው! እንግዳ ሰው ፊት አልፈልግም ማለት ስለሚከብዳቸው ነው።»

«እንዳለ ውሰድ ብለውኝ...»

«ቃሉን ውሰድ አልኩ እንጂ ዕቃውን ጥለህ ና አልኩህ?»

የጎሬው መኪና በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ይነሳ ነበር። «እስከዚያ የተረፈ ካለ ሰብስብ» አሉኝ፤ ሌላ አልጨመሩም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ጠዋት ስወጣ አንዱ ፔርሙስ ፍየል ሲጠጣበት፣ አንዱን ሕፃን እንደ መኪና ሲነዳው፣ ሦስቱ ድንበር ተሻግረው ጁባ ሲሸጡ ይታየኝ ነበር። ሽማግሌው ግን የኔን ከነካርቶኑ ከጎጆው ምሰሶ ላይ ሰቅለውታል፤ ልጆች እንዳይነኩት። የሚቀጥለው ቤትም እንዲሁ፤ የሚቀጥለውም። መምህሩ ካርቶኑ ላይ በጠመኔ «የፔርሙሱ ልጅ» ብሎ ጽፎበታል። ስሜን አያውቅማ። ማንም አልጠየቀኝም ነበር፤ እኔም በዚያ ሁሉ ጩኸቴ ውስጥ ስሜን አልተናገርኩም።

መጨረሻ ላይ ማማ አሪያት ጋ ደረስኩ።

«ስድስት ቀን!» አለችኝ። «የት ሄድክ?»

«ረስቼው ነው...»

«አልረሳህም። ጠራሁህ፤ እጅህን እንዲህ አደረግክ።» አውለብልባ አሳየችኝ። «ለጎረቤቴ ነገርኳት። ይሄ ልጅ ሰው የለውም፣ ዕቃውን የተወው ተመልሶ ሊመጣ ነው አልኳት። ዓሣ አስቀመጥንልህ። አንድ ቀን። ሁለት ቀን። ዓሣው ተበላሸ፤ ጣልነው።»

ላቤ በዓይኔ በኩል መውጣት ጀመረ። የጋምቤላ ሙቀት መውጫ አያማርጥም። የበቆሎ ገንፎና የዓሣ ወጥ አቀረበችልኝ፣ እየበላሁ ስለ ጎሬው መኪና ነገርኳት። ለሰው ስናገረው ያኔ የመጀመሪያዬ ነበር።

ፔርሙሱን ከፈተች፣ ውስጡን አየች። «በረዶ ይይዛል?»

«ይመስለኛል።»

«ይመስለኛል አትበል። ሻጭ ነህ።»

ትኩስ ዓሣ ከሚሸጡበት ቦታ በረዶ አምጥታ ሰባብራ ሞላችው፣ ውሃ ጨመረችበት። ከዚያ ዓሣዋን በራሷ፣ እኔን ከኋላዋ አድርጋ ወጣች። ከሐጂ ትምህርት የተለየ ትምህርት ያየሁት ያኔ ነው። ገብታ ትቀመጣለች። የታመመ እንዳለ ትጠይቃለች፤ ጎግ የሄደው ልጅ መልእክት ልኮ እንደሆነ ትጠይቃለች። ስለ ዓሣ ቃል አይወጣትም። እኔ ፀሐይዋን እያየሁ በተቀመጥኩበት እቁነጠነጣለሁ።

«ዋጋ መቼ ነው የምንናገረው?» አልኳት በሹክሹክታ።

«ሲጠይቁህ።»

«ካልጠየቁስ?»

«ነገ ትመጣለህ።»

«ነገ እኮ እኔ...»

«አውቃለሁ። ተቀመጥ።»

ለመነሳት ስትል ፔርሙሱን ታነሳና ትጠጣለች። በረዶው ውስጡ ኳ ኳ ይላል። በየካቲት ጋምቤላ ውስጥ ይህ ድምፅ ከቤተ ክርስቲያን ደወል ይበልጣል። ከየጓዳው ሰው ይወጣል። «ምንድን ነው እሱ?» ይላሉ። «የዚህ ልጅ ነው» ትላለች፤ ከዚያ ወደኔ ዞራ፣ «ስምህን ንገራቸው» ትለኛለች። ደምሴ እባላለሁ፣ እላለሁ። በስምንት ቤት ስምንት ጊዜ ስሜን ተናገርኩ።

አራት ተሸጠ። ስምንቱን ተሸክሜ፣ አንገቴን ደፍቼ ሱቅ ስደርስ መኪናው ተጭኖ ሞተሩ ይንተከተካል። ሐጂ አራቱ መሸጣቸውን ስነግራቸው ብዙም አልደነቃቸውም። ስምንቱን ግን አንድ በአንድ ከካርቶን እያወጡ መረመሩ፤ ክዳኑን፣ ቂጡን፣ ጽጌረዳውን።

«አሥራ ሁለት ቤት ጥለህ አንድም አልጎደለም? ጭረት እንኳ የለውም?»

«የለውም፣ ሐጂ።»

«ወላሂ፣ ሃያ ዓመት እዚህ ስነግድ ለኔ እንዲህ ዕቃ የጠበቀልኝ ቤት የለም።» ወደ ሾፌሩ ዞሩና «ሂድ፣ ሂድ፣ የሚሳፈር የለም» አሉት። መኪናው ድልድዩን አልፎ ጥሩምባውን ሲነፋ እኔ ፔርሙሶቹን ወደ መደርደሪያ እመልስ ነበር። መኪናውን በዓይኔ እየሸኘሁ ስለነበር ያኔ ነው አንዱ የተጫረው።

ቀረሁ። ፔርሙስ ሸጥኩ፣ አጎበር ሸጥኩ፣ ሬዲዮ ሸጥኩ፤ እስከ ጎግ በእግሬ ሄጃለሁ፤ የኋላ ኋላ የራሴን ሱቅ ከፈትኩ። ሐጂ አርጅተው ወደ ወሎ ተመለሱ፤ ማረፋቸውን በስልክ ሰማሁ። ማማ አሪያት በአንድ ክረምት፣ መንገዱ በውሃ ተይዞ እኔ ለንግድ በወጣሁበት አረፈች። የደረስኩት ከተቀበረች ከሦስት ቀን በኋላ ነው።

ሥራውን ግን ቻልኩበት። ችግሬም ይኸው ነው። ዛሬ ደንበኛ ከበር ሲገባ የሚፈልገውን አውቄ ሳይናገር እሰጠዋለሁ፤ በስልኩ ይከፍላል፣ ይሄዳል። አንድ ደቂቃ አይሞላም። ይህን ፍጥነት ለማግኘት ሠላሳ ዓመት ለፍቻለሁ። ሚስቴ የልጅ ልጅ ልታሳድግ ለሁለት ወር ብላ አዲስ አበባ ከሄደች ሁለት ዓመቷ ነው። ቀኑን ሙሉ ሰው ይገባል፣ ይወጣል፤ ሱቁ ይሞላል፤ አመሻሽ ላይ ግን ከማን ጋር ምን እንዳወራሁ ባስብ የማስታውሰው በጥሬ ብር ሲከፍሉኝ «መልስ የለኝም» ያልኳቸውን ብቻ ነው።

ልጅቷ ወረቀቷን ይዛ የሄደች ሰሞን፣ እሑድ ከሰዓት፣ ሱቄን ዘግቼ የማማ አሪያት ልጅ አኬሎ ቤት ሄድኩ። በፔርሙሱ ዘመን ዘመድ ጋ ታድግ ነበር፤ አሁን አውሮፕላን ማረፊያው ነው የምትሠራው።

«ጋሽ ደምሴ! ምን ይዘህ መጣህ?» አለችኝ ከበሩ።

«ምንም።»

«ልትሸጥልኝ የመጣኸው ምንድን ነው ታዲያ?»

«ምንም አልኩሽ እኮ።»

«ሞተር ሳይክልህ መንገድ ላይ ተበላሸ?»

«አልተበላሸም።»

ጋምቤላ ውስጥ ሙቅ የሸጥኩ ሰው፣ ለምን እንደመጣሁ የሚናገር አንድ ዓረፍተ ነገር አጣሁ። አኬሎ ትንሽ አየችኝና ወደ ውስጥ ዞራ ለባሏ በአኙዋክኛ አንድ ነገር አለችው። ቋንቋውን በዚህ ሁሉ ዓመት የተማርኩት ለሽያጭ የሚበቃኝን ያህል ብቻ ነው፤ ያለችው ነገር እዚያ ውስጥ አልነበረም። ባሏ ወንበር ይዞ ወጣ።

ተቀመጥኩ።