መምህር ማቲዎስ የጨፈረበት ሰርግ

ትናንት የሰርግ ቪዲዮ ሳቀናብር አንዱ ምስል እየደበዘዘ ወደ ሌላው ሲያልፍ እጄ ማውሱ ላይ ቀጥ አለ።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አክስቴ አልማዝ ሐዋሳ ፒያሳ ቪዲዮ ቤት ነበራት፤ ከትምህርት ቤት ስመለስ አጠገቧ እቀመጥ ነበር። አንድ ከሰዓት፣ አክስቴ የሰርጓን ቪዲዮ ታቀናብርላት የነበረች የአንዲት ሙሽራ ወንድም እያለከለከ ገባ።

«የደህንነት ሰዎች መምህር ማቲዎስን እየፈለጉት ነው። መልኩን ለማወቅ የሰርጉን ፊልም ሊያዩ ይመጣሉ» ብሏት ወጣ።

መምህር ማቲዎስ ታቦር ሰፈር ጎረቤታችን ነበር። ስክሪኑ ላይ ኮቱን አውልቆ ይጨፍራል። አክስቴ እሱ ያለበትን ሁሉ ቆርጣ አጠፋች፤ ክፍተቱ እንዳይታወቅም የሙሽራዋ አበባ ቀስ እያለ ደብዝዞ ወደ ሐይቁ ምስል እንዲለወጥ አደረገች። በዋናው ካሴት ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ቀረጸችበት።

«አንቺ ያየሽው አበባ ነው፤ ሌላ አላየሽም» አለችኝ። ነገሩ ባይገባኝም ፈራሁ።

ሁለት ሰዎች መጡ። እንደቆሙ ፊልሙን እስከ መጨረሻው አዩት። ከዚያ አንደኛው ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ፣ «ሚጣ፣ ሌላ ፊልም አለ?» አለኝ።

«እኔ አበባ ነው ያየሁት» አልኩት።

አክስቴ ትከሻዬን ጨምድዳ ያዘችኝ። ሰውዬው ትክ ብሎ አይቶኝ ወጣ።

በሳምንቱ መምህር ማቲዎስን ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ወሰዱት፤ አልተመለሰም። ከወራት በኋላ ባለቤቱ መጣች።

«ሲጨፍር ቀርጸሽው ነበር አሉ። እሷን ቁራጭ ብቻ ስጪኝ፣ ልጆቹ ይዩት።»

አክስቴ «አጥፍቼዋለሁ» አለቻት። ዛሬ እኔም እንጀራዬ ይኸው ሥራ ነው፤ ከፊልም የቆረጥኩትን ሰው ግን አንድም ቀን አጥፍቼ አላውቅም።