ወንዝ የማያሻግረው መድኃኒት

በመካነ ሰላም ዙሪያ ሁዳን የማያውቅ አስተማሪ ካለ፣ ስልጠና የሚሸሽ መሆን አለበት። በወረዳችን የአካባቢ ጥበቃ ትምህርትን የምታስተባብረው እሷ ናት። ከክልል ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ወረዳ እየተንከባለለ የሚመጣው «አቅም ግንባታ» እኛ ዘንድ ሲደርስ አብዛኛውን ጊዜ አበልና የታሸገ ውሃ ሆኖ ይቀራል። ሁዳ ግን የምሯን ነው። እያንዳንዱ ትምህርት ቤት ስለ ራሱ ጫካ፣ ስለ ራሱ ምንጭና አውሬ የሚያስተምር አንድ ሰው እንዲኖረው ስትለፋ ዓመታት አለፉ። እኔ ቢተው እባላለሁ። እዚያው ቢሮ ባለሙያ ነኝ፤ ዋና ሥራዬ ግን እሷን በሞተር ማመላለስ ሆኗል።

በደንቆሮ ጫካ ዳር ላሉት ቀበሌዎች የምታስተምረው ስለ ውሻ ነው። የመንደሩ ውሾች ካልተከተቡ የእብድ ውሻን በሽታ ለጫካው ቀይ ቀበሮዎች ያስተላልፋሉ። ሰው ከተነከሰም ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ደጋግሞ አጥቦ፣ ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል ሄዶ መርፌ መጀመር አለበት። «ምልክቱ አንዴ ከታየ መመለሻ የለውም» ትላለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። ይህን በሰማሁ ቁጥር ጀርባዬ ይቀዘቅዛል። ፈሪ ነኝ፣ አልደብቅም።

ሰዉ አይከራከራትም። አንገቱን ይነቀንቅና ሲነከስ አያ ዋለ ዘንድ ይሄዳል። አያ ዋለ ከአባታቸው የወረሱት የሥር መድኃኒት አላቸው፤ በወተት ተበጥብጦ ይጠጣል። ሕጉ አንድ ነው፤ መድኃኒቱን የጠጣ ሰው አርባ ቀን ወንዝ አይሻገርም። ከተሻገረ በሽታው ይነሳበታል ይባላል። ሆስፒታሉ ያለው ደግሞ ከወንዙ ማዶ፣ መካነ ሰላም ነው። ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ይቋጠራል።

ባለፈው ክረምት ሁዳ ወደ ተወለደችበት ቀበሌ ሄድን። እሷ ያሰለጠነችው እንቁ የሚባል አስተማሪ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻውን ሕዝብ ሰብስቦ ሊያስተምር ነበር። ሁዳ ከኋላ ቆማ ታዳምጣለች። የፈሩት ይደርሳል ይባል የለ፣ አንድ ጥቁር ውሻ ሳይጮህ መጣና ባቷን ነክሷት አለፈ። አፉ ለሃጭ በለሃጭ ነበር። ወንዶቹ አሳደው ገደሉት።

ሁዳ ሳሙና ጠየቀች። ከቦኖው ሥር ተቀምጣ ስታጥብ ሳሙናው ደጋግሞ ወደቀባት። ሞተሩን አስነስቼ ወደ ወንዙ በረርን፤ ግን ላይኛው አገር ዘንቦ ወንዙ ሞልቷል። ግንድ ይዞ ይወርዳል። እስኪጎድል እናቷ እትየ ኡምኩልሱም ቤት ማደር ግድ ሆነ።

ገና ጀምበር ሳትጠልቅ እናትየው አያ ዋለን አስጠርተዋል። «እማዬ፣ እኔ ይህን አልጠጣም» አለች ሁዳ።

«ያ ረቢ! ወንዙ እንደሞላ ቢሰነብትስ?» አሉ እናቷ። «መርፌሽ ማዶ ነው። እኔ ተቀምጬ ስትጮሂ ልስማ?»

አያ ዋለ ጽዋውን ይዘው ቆመው ነበር። ሁዳ እስከ ዛሬ «ለእናቴ ብዬ ነው የጠጣሁት» ትላለች። እኔ ግን አይቻለሁ። እጇን ራሷ ነው የዘረጋችው። ስትጠጣ ዓይኗ በሩ ላይ ነበር፣ የሞላው ወንዝ ድምፅ በሚመጣበት በኩል።

በማግስቱ ወንዙ ጎደለ። አሁን ተገላገልን ብዬ ስጣደፍ ሁዳ ወንዙ ዳር ደርሳ ቆመች። ገበያተኛው ቆመ። እንቁና ሌሎቹ አስተማሪዎች፣ ሁሉም እሷ ያሰለጠነቻቸው፣ ቆሙ። የጠጣች ሰው ልትሻገር መሆኑ በመንደሩ ተሰምቷል።

«ነይ እንጂ» አልኳት ቀስ ብዬ።

«ቢተው፣ እግሬ እምቢ አለኝ።»

«ተረት ነው ብለሽ ያስተማርሽኝ አንቺ አይደለሽም እንዴ?»

«አሁንም ተረት ነው። ግን ተሻግሬ ብሞት ወንዙ ገደላት ይላሉ። ከእንግዲህ አንድ ሰው ወደ ሆስፒታል አይሻገርም። ባልሻገር ደግሞ እሞታለሁ።» ከንፈሯ ደርቆ ነበር። «ወላሂ የትኛውን እንደምፈራ አላውቅም።»

ሞተሩን አስነሳሁ። ሞተሩ ላይ ወጣች፣ ቀበቶዬን በሁለት እጇ ጨመደደች። ውሃው እግራችንን ሲነካ «ቢስሚላህ» ስትል ሰማኋት። እኔም በልቤ ማርያምን ጠራሁ፤ ለእሷ ይሁን ለራሴ አላውቅም። ከኋላችን እናቷ እያለቀሱ ነበር።

መርፌውን ጀመረች። ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ግን ከወንዙ ይብስ ነበር። በሽታው ሲነሳ ውሃ ያስፈራል፣ ይህንንም ያስተማረችን እሷ ናት። እንግዲህ በየጠዋቱ ቢሮ ስትገባ አንድ ብርጭቆ ውሃ ቀድታ ትጠጣለች። እኛም ወረቀት የምናገላብጥ መስለን ጉሮሮዋን እናያለን። አንድ ቀን ትን አላት። አብራን የምትሠራው ሰርካለም ከወንበሯ ብድግ ብላ ቀጥ አለች፤ እኔ በሩ ጋ ደርሻለሁ። ሁዳ ሳቀች፣ ሳቋ ግን ወዲያው ወደ ለቅሶ ዞረ። እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም።

አርባ ቀኑም አለፈ፣ መርፌውም አለቀ። ሁዳ ዳነች። ደስታችን ግን ብዙ አልቆየም። መንደሩ የዳነችበትን ምክንያት በራሱ መንገድ ደምድሞ ነበር፤ «የአያ ዋለ መድኃኒት ወንዝ እንኳ አልቻለውም» ተባለ። አያ ዋለ ዘንድ የሚሄደው ሰው በረከተ።

ጥቅምት ላይ እንቁ ደወለ። የሁዳን እናት ጎረቤት ዘማርያምን ውሻ ነክሶታል። ነገ በባዶ ሆዱ የአያ ዋለን መድኃኒት ሊጠጣ ቤቱ ተኝቷል። ሆስፒታል ሂድ ቢሉት እምቢ ብሏል። ሁዳ ስልኩን ዘግታ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። «ይህን ያስተማርኩት እኔ ነኝ» አለች።

በዚያው ሰዓት ሄድን። ዘማርያም እግሩን በጨርቅ ጠቅልሎ መደብ ላይ ተቀምጧል። ሚስቱ አበቡ ከጎኑ ሆና ታየናለች።

«ወንድሜ፣ እኔን ያዳነኝ መርፌው ነው» አለችው ሁዳ። «መድኃኒቱን የጠጣሁት ፈርቼ ነው።»

«በምን አወቅሽ?» አለ ዘማርያም፣ ቁጣ በሌለው ድምፅ። «ሁለቱንም ወስደሻል።»

ሁዳ ወደ በሩ ዞረች። ከዚያ ቤት ስንወጣ ሰውዬው ዓይናችን እያየ እንደሚሞት ታወቀኝ።

ሁዳ በቀጥታ አያ ዋለ ቤት ገባች። ሽማግሌው ሥሩን እየወቀጡ አገኘናቸው።

«አያ ዋለ፣ ዘማርያም እንዲሻገር ይፍቀዱለት።»

«ልጄ፣ እኔ ተሻገር ብዬው ቢሞት፣ ዋለ ገደለው ይሉኛል። አባቴ ያላፈረሰውን ሕግ እኔ ላፍርስ?» ሰው ሰምቶ እንደሆነ ወደ በሩ አዩ። ያን ጊዜ ነው እሳቸውም ፈሪ መሆናቸውን ያየሁት።

ሁዳ መሬት ላይ ቁጢጥ አለች። «ሕግዎን አያፍርሱ» አለች በመጨረሻ። «ገና አልጠጣም አይደል? ማዶ ተሻግሮ ይጠጣ። መድኃኒቱን ወንዙን ተሻግረው እዚያ ይስጡት። ከዚያ አርባውን ቀን ወደዚህ አይመለስም፤ መካነ ሰላም ከዘመዱ ቤት ይክረም። መርፌውን እኔ አስወጋዋለሁ።»

ሽማግሌው ሙቀጫውን አስቀመጡ። «ሕጉም አይጎድል» አሉ ለራሳቸው። ከዚያ ነጠላቸውን ፈለጉ።

በማግስቱ ማለዳ አያ ዋለ ቀድመው ተሻገሩ። ዘማርያም አበቡን ይዞ ተከተለ። ማዶ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ወተቱን ጠጣ። እኔም አፉን ሳይጠርግ በሞተር ጭኜው ሄድኩ።

ሆስፒታሉ በር ላይ ሁዳ ዘግይታ ደረሰችብኝ። ዘማርያም ውስጥ ገብቷል። አግዳሚው ላይ ተቀመጠች፣ አሁንም ፊቷ አመድ መስሏል።

«ይህ ሰው ቢድን ማን አዳነው እንደሚሉ ታውቂያለሽ?» አልኳት።

«አያ ዋለ።»

«የዚህ ሁሉ ዓመት ልፋትሽስ?»

የመርፌ ክፍሉን በር ብቻ ነበር የምታየው። «ይበሉ» አለች። «ብቻ ይሻገሩ።»