የተራመደው መስቀል

ድሮን ፎቶ ያነሳል እንጂ ካርታ አይሠራም። ፎቶዎቹን እርስ በርስ የሚሰፋቸው ኮምፒውተሩ ነው፤ በሁለት ፎቶ ላይ የሚታይ አንድ ድንጋይ ወይም ቁጥቋጦ ይፈልግና እዚያ ላይ ይሰፋል። ስፌቱን ታይ ፖይንት እንለዋለን። ሰቆጣ ተመድቤ ስመጣ ሥራዬ ስፌቱ መጥበቁን ኮምፒውተሩ ከሚያወጣው ሪፖርት ላይ ማየት ነበር። ለዚህ ብዬ ከጎጃም ድረስ መምጣቴ እናቴን እስከ ዛሬ ይገርማታል።

ሰቆጣ ዙሪያ የአንድ ቀበሌ እርሻ አንስተን ስንመለስ ሪፖርቱን ከፈትሁ። ኮምፒውተሩ ራሱ ያገኛቸው ነጥቦች ደህና ናቸው። እኔ በእጄ ከመረጥኋቸው አንዱ ግን ቀልቶ ቁጭ ብሏል፤ ስህተቱ በሜትር የሚለካ ነው። ነጥቡ ከሰማይ ጎልቶ እንዲታይ ብለን በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ በኖራ የቀባነው መስቀል ነበር። ሰረዝሁት፣ ደግሜ መረጥሁት፣ ኮምፒውተሩን ረገምሁት፤ ወይ ፍንክች።

ቦታው ደግሞ በዋዛ የሚታለፍ አልነበረም። አንድ ሽማግሌ ከጎረቤታቸው ጋር በቁራጭ መሬት ተኳርፈው ሰላምታ ካቆሙ ዓመታት አልፈዋል። ሁለቱም ካርታው ይፍረደን ብለዋል። ካርታው ከተዛባ መሬቱ ለማይገባው ይሄዳል፤ ሰበቡም እኔ ነኝ።

ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አየሁ። ድሮኑ ሲሄድ መስቀሉ የሽማግሌው ማሳ መሃል ነው። ሲመለስ ወይራ ሥር ነው። በመካከል ባለው ፎቶ ላይ ሁለት ሰዎች ድንጋዩን ግራና ቀኝ ይዘው ጎንበስ ብለዋል። ቢሮ ውስጥ ብቻዬን ሳቅሁ፤ ወዲያው ደግሞ ተናደድሁ።

በማግስቱ ሄጄ ሽማግሌውን ድንጋዩን ለምን አነሱት አልኋቸው።

“መስቀል መሬት ተጥሎ በሬ ይርገጠው?” አሉኝ።

መስቀል ሳይሆን ምልክት ነው ብዬ አስረዳሁ። መስቀል ካልሆነ ለምን በመስቀል አምሳል ቀባችሁት አሉ። ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነውና፣ ማን አገዘዎት ስላቸው በአገጫቸው ወዲያ ማዶ የሚያርሰውን ያንኑ ጎረቤታቸውን ጠቆሙኝ። ድንጋዩ ለአንድ ሰው ይከብዳል፤ በአካባቢው ሌላ ሰው አልነበረም። ቃል ሳይለዋወጡ ተሸክመው ወይራው ሥር አሳረፉት። ወይራው ያለው ደግሞ የተጣሉበት ቁራጭ መሬት ላይ ነው።

መስቀሉን በክብ ቀይረን እንደገና አነሳን። አሁን ሪፖርቱ እንከን አልነበረውም። በቀበሌው መዝገብ ካለው የቀድሞ ልኬት ጋር ሳስተያየው ቁራጯ መሬት የሽማግሌው ሆነች። ደስ ብሎኝ ሁለቱንም ጠርቼ ካርታውን ዘረጋሁ። ሽማግሌው አይተው አይተው፣ መሬቷ የጋራ ወሰን ሆና ትቅር አሉ።

ደሜ ፈላ። “አባባ፣ የእርስዎ ናት እኮ። የካርታው ስህተት ከጣት ስፋት አይበልጥም።”

“አውቃለሁ ልጄ። አብረን ተሸክመን መስቀል ያሳረፍንበትን መሬት እንዴት ብዬ ብቻዬን ልረሰው?”

ጎረቤትየው እስከዚያ ፊቱን አዙሮ ራቅ ብሎ ቆሞ ነበር። ቀስ ብሎ መጣና አጠገባቸው ተቀመጠ።

“እንደምን ዋሉ?” አላቸው።