ኮቱን የተከናነበው ቧንቧ ሠሪ

ሰፈሩ ሁሉ «ጠብታ» ይለው ነበር። ስሙን ያወጣችለት አማቱ ናት፤ «ልጄን ስታገባ ወንዝ መስለኸኝ ነበር፣ ጠብታ ሆነህ ቀረህ» ብላው። ቧንቧ ሠሪ ስለነበር ስሙ ልክክ አለበት፤ እሱም አልተቀየመም። ረጅም፣ ቀጭን፣ ትከሻው ወደ ፊት የጎበጠ ሰው ነው። ዕድሜውን ሙሉ የሰው መታጠቢያ ሥር አጎንብሶ የኖረ ሰው ሌላ ምን ሊመስል ይችላል? የሚኮራበት ነገር ሪዙ ነበር፤ ጥቁር፣ ወፍራም፣ ጫፉ ወደ ላይ ቀና ያለ። በዚህ ሪዝ የተነሳ ነው በአንድ ዝናባማ ቀን ነፍሰ ገዳይ የሆነው።

ጊዜው ጋዜጣ ገና በወረቀት የሚነበብበት፣ ሰው አንዱን ቅጠል ለሦስት ተካፍሎ መንገድ ዳር የሚከራከርበት ዘመን ነው። አንድ ባለጸጋ የወርቅ ነጋዴ ቤቱ ውስጥ ተገድሎ ተገኘ፤ ሾፌሩ ተከሰሰ። ከዚያ ወዲህ አውቶቡስ የተሳፈረ፣ ፀጉር አስተካካይ ቤት የተቀመጠ ሁሉ ዳኛ ሆነ። ጋዜጦቹ የሟቹን የቁርስ ሰዓት ሳይቀር ጽፈዋል። ያጡት የተከሳሹን ፊት ብቻ ነበር። መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉት ሴት ዳኛ ካሜራ ችሎት እንዳይገባ ከልክለዋል፤ ፖሊስም ሾፌሩን ብርድ ልብስ አከናንቦ በኋላ በር ያስገባዋል። ፎቶ አንሺዎች በኋላ በር ሰፈሩ። አንዱ ዛፍ ላይ ወጥቶ ቅርንጫፉ ተሰብሮበት ወደቀ፤ እሱም በማግሥቱ ዜና ሆነ።

በዚያ ሰሞን ከችሎቱ ጣሪያ በላይ ያለ ቧንቧ ማፍሰስ ጀመረ። ውኃው የሚያርፈው የዳኛዋ ጠረጴዛ ላይ ነው። ጠብታ ተጠራ። ዋናው መዝጊያ ያለው ምድር ቤት፣ ከእስረኞች ማቆያ አጠገብ ነበርና እዚያ ወርዶ ሲፈታ ባልዲ የሚይዝለት ሰው አጣ። ጠባቂውን ቢለምነው «ባልዲ መያዝ ሥራዬ አይደለም» አለው። ይሄኔ ከፍርግርጉ ውስጥ ሁለት እጆች ብቅ አሉ።

«ጋሼ፣ ወዲህ ያስጠጉት፤ እኔ ልያዝልዎት። ዛሬ ሌላ ቀጠሮ የለኝም።»

ሾፌሩ ነበር። ገና ሪዝ ያላበቀለ የሚመስል ለጋ ፊት አለው። ክንዱ እስኪንቀጠቀጥ ይዞለት ቆየ፤ አንዴም ደከመኝ አላለም።

በማግሥቱ ጠብታ ሥራውን ሊጨርስ ሲመጣ ዝናቡ እንደ ጉድ ወረደ። ጃንጥላ ረስቷል። ኮቱን አውልቆ ራሱ ላይ ተከናነበና ወደ ቅርቡ በር፣ ወደ ኋላ በር ሮጠ። ከምሳ የሚመለሱ ሁለት ፖሊሶችም እንደሱ ከዝናብ ሊያመልጡ በግራና በቀኙ ይሮጣሉ። አንድ ሰው «መጣ!» ብሎ ጮኸ። ነፋስ የኮቱን ጫፍ ገለጠ፤ ግማሽ ፊቱና ሪዙ ወጣ፤ ብርሃን በብርሃን ሆነ። ጠብታ መብረቅ መስሎት ሩጫውን ጨመረ።

ጧት ጋዜጦቹ «ይኸው ፊቱ!» ብለው ወጡ። አንደኛው «ሊያመልጥ ሲሞክር» የሚል ጨመረበት። ሌላው አንድ ምሁር ጠይቆ «የሪዙ ጫፍ ወደ ላይ መቅናቱ ርኅራኄ እንደሌለው ያሳያል» ሲል አስነበበ።

አማቱ ጋዜጣውን አፍንጫዋ ሥር አስጠግታ አየችና ራሷን ነቀነቀች።

«እኔ ድሮም ጠርጥሬ ነበር።»

«እማማ፣ ይሄ እኮ እኔ ነኝ!»

«አንተ መሆንህንማ አየሁ። የጠረጠርኩትም አንተን ነው።»

ባለቤቱን ያናደዳት ሌላ ነገር ነው። «ኮቱን ልተኩስልህ ስልህ እንቢ ትላለህ፤ ይኸው ተጨማድዶ አገር አየው!»

ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምር የሚባለው ለሌላ አገር ነው፤ እዚያ ሰፈር ወሬ ላይ ወሬ ነበር የሚጨመረው። ያየው ሁሉ ወይ በዋስ ወጥቷል ወይ አምልጧል አለ። አውቶቡስ ውስጥ አጠገቡ የሚቀመጥ ጠፋ። አንዲት ደንበኛው በሩን ሳትከፍት በመስኮት «ይቅርብኝ፣ ራሱ አቁሟል» አለችው፤ ከኋላዋ ውኃው ሲንፎለፎል ይሰማል። የፍርድ ቤቱ ጥበቃ ደግሞ ፊት ለፊት እያየው «አንተማ ታስረሃል፤ እንዴት ብዬ አስገባሃለሁ?» ብሎ መለሰው። ቧንቧው ሳይሠራ ቀረ።

ይህ ሁሉ ባሳቀ ነበር። ጠብታን እንቅልፍ የነሳው የሴት ልጁ ነገር ነው። መምህር ናት፤ የባለ መድኃኒት ቤቱን ልጅ ልታገባ ቀን ተቆርጧል። ባለ መድኃኒት ቤቱ በሰው በኩል «ነገሩ እስኪጠራ ሠርጉ ይቆይ» የሚል መልእክት ላከ።

ጠብታ ተነስቶ ወደ ጋዜጣው ቢሮ ሄደ። ለመቀመጥ ሲል ትልቁን የቧንቧ መፍቻ ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ዋና አዘጋጁ መፍቻውን አየና፣ ምን ፈልገህ ነው እንኳ ሳይል ተስማማ። ዓርብ፣ በፊት ገጽ፣ ከነይቅርታው ማስተካከያ እንደሚያወጣ ማለ።

በዋዜማው ጠብታ ጥበቃውን ዳግም ሊለምን ፍርድ ቤት ሲሄድ፣ ከራሷ የሚከብድ ቦርሳ ያንጠለጠለች አጭር ሴት ደረጃው ላይ አስቆመችው። የሾፌሩ ጠበቃ ነች።

«ደንበኛዬ እርስዎ ነዎት?»

«ኧረ እኔ ቧንቧ ሠሪው ነኝ።»

«አውቃለሁ። አገር የሚያውቀው ግን ሌላ ነው።» ወደ ጥግ ሳበችው። «አየሁ የሚል ምስክር አንድ ብቻ ነው። ከሟቹ ቤት ፊት ለፊት የሚኖር፣ ጡረታ የወጣ ትኬት ቆራጭ። ለፖሊስ የሰጠው ቃል ጀርባውን አየሁ የሚል ነበር። አሁን ጧት ጧት ሬዲዮ ላይ ይቀርባል፤ ባወራ ቁጥር ትዝታው ይጠራል። ፎቶዎ ከወጣ ወዲህማ ሪዝ አብቅሏል።»

«ማን?»

«ትዝታው!»

ጠብታ ሳያስበው ሪዙን ዳሰሰ።

«ሰኞ ይመሰክራል» አለች። «እሱ ከመግባቱ በፊት ተከሳሹ ከሕዝቡ መካከል እንዲቀመጥ እጠይቃለሁ። ችሎቱ ለሁሉም ክፍት ነው፤ እርስዎም ቢመጡ የሚከለክልዎት የለም። ይዋሹልኝ አልልም። ጋዜጣው ነገ ማስተካከያ ሊያወጣ መሆኑን ሰምቻለሁ፤ እሱ ብቻ እስከ ማክሰኞ ይቆይልኝ። ሪዙንም እንዳይነኩት።»

«ልጄ ልታገባ ነው እኮ፣ እመቤት።»

«ደንበኛዬ ደግሞ ዕድሜውን እስር ቤት ሊጨርስ ነው።»

ቤቱ ሲገባ ልጁ የተማሪዎቿን ፈተና ታርማለች። ሁሉንም ነገራት። ቀዩን እስክሪብቶ አስቀመጠች።

«ሰውየው ገድሏል?»

«አላውቅም። ባልዲ ግን ይዞልኛል።»

«አባዬ፣ ይሄ ማስረጃ ነው እንዴ?»

«አይደለም። ግን እይ፤ እኔ ማንንም አልገደልኩም። ዛሬ መንገድ ላይ ብትጠይቂ ስንቱ በዓይኔ አየሁት ብሎ ይምልብኛል። እሱስ እንደኔ ቢሆን?»

 በመስኮቱ አሻግራ የባለ መድኃኒት ቤቱን ማስታወቂያ መብራት አየች፤ በርቶ ሲጠፋ፣ ጠፍቶ ሲበራ።

«እስከ ማክሰኞ ነው አይደል?»

«እስከ ማክሰኞ።»

«በል ሪዝህን አበጥረው። ነፍሰ ገዳይ መሆንህ ካልቀረ ያማረብህ ሁን።»

አዘጋጁ ማስተካከያው ይቆይ ሲባል በስልክ እያመሰገነ ሊሞት ነበር።

ሰኞ ጠብታ ግማሽ ፊቱን በባለቤቱ ሻርፕ ጠቅልሎ፣ ከሕዝቡ ጋር ተጋፍቶ በዋናው በር ገባ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጠ። ጠበቃዋ ጥያቄዋን አቀረበች። ዐቃቤ ሕጉ ፈገግ ብሎ «ተቃውሞ የለንም፤ ምስክራችን ከመቶ ሰው መካከልም ይለየዋል» አለ። ሾፌሩ ሸሚዙን ለብሶ ከኋላ፣ በሁለት አሮጊቶች መካከል ተቀመጠ። ልክ ምስክሩ ሲጠራ ጠብታን ሙቀት በረታበትና ሻርፑን ፈታ።

ምስክሩ ለካሜራ ብሎ የገዛውን አዲስ ሙሉ ልብስ ለብሶ ገባ። መብራቱን፣ መስኮቱን፣ ጩኸቱን እያሳመረ ተናገረ።

«ያዩት ሰው እዚህ ካለ ያሳዩን» አሉ ዳኛዋ።

የሰውየው ዓይን ከፊተኛው ረድፍ ጀመረ።  አንድ ነገር አሁን ትዝ አለው፤ ምስክሩ ጠቁሞት ዳኛዋ ቢያምኑትስ? ለምስክርነት መጥቶ ታስሮ የቀረ ሰው ያውቃል። ያቺ ጠበቃ ስለዚህ ምንም አላለችውም። ሻርፑን መልሶ ሊጠመጥም እጁን አነሳ፤ ከኋላ አንድ ሰው በቀስታ ሲስል ሰማ። ምድር ቤት ባልዲ ሲይዝለት የሰማው የሾፌሩ ሳል ነው። እጁን መልሶ ጭኑ ላይ አኖረ።

«እሱ ነው!» የምስክሩ ጣት ጠብታ ላይ አረፈ። «ያ ሪዝ! በጨለማም አይጠፋኝም!»

«እርግጠኛ ነዎት?» አለች ጠበቃዋ።

«የእናቴን ፊት ያህል!»

ዳኛዋ መነጽራቸውን አደረጉ። «ከኋላ፣ በሁለቱ ሴቶች መካከል ያለውንስ?»

«ያን ልጅ? በዓይኔ አይቼው አላውቅም።»

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። አዳራሹ ጸጥ አለ። ዐቃቤ ሕጉ ወረቀቱን መደርደር ጀመረ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ከጣሪያው ጠብ! አለ፤ የዳኛዋ ጠረጴዛ ላይ።

«እርስዎ ይነሱ። ማን ነዎት?»

«ቧንቧ ሠሪ ነኝ፣ ክብርት ዳኛ።»

ዳኛዋ ጣሪያውን አዩ፤ ጠረጴዛቸውን አዩ፤ እሱን አዩ።

«ይህን ቧንቧ ጀምረው የተዉት እርስዎ ነዎት?»

ጠብታ አንገቱን ደፋ። «እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው ዛሬ ጥፋቱን ያመነ አንድ ሰው አገኘን።»

ሳቁን ለማስቆም መዶሻው ብዙ ጊዜ ተመታ።

ሌላ ማስረጃ አልነበረምና ሾፌሩ ተለቀቀ። ጋዜጦቹ በማግሥቱ የጠብታን ሪዝ «ጀግናው» ብለው በፊት ገጽ አወጡት፤ ማስተካከያው ግን ከኋላ፣ ከጫማ ማስታወቂያ ሥር በደቃቅ ፊደል ወጣ። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው ይላል። ባለ መድኃኒት ቤቱ ልጁን አስከትሎ «እኛማ ድሮም አላመንንም» እያለ መጣ። ልጅቷ በትሕትና ተቀበለቻቸው፤ በትሕትናም ሸኘቻቸው። «አባቴን በፎቶ የፈራ ሰው እኔን በምን ያምነኛል?» አለች በሩን ስትዘጋ። ያን ዕለት ማታ ክፍሏን ዘግታ አልቅሳለች፤ ጠብታ ሰምቶ እንዳልሰማ ሆነ። አማቱ ግን የነፍሰ ገዳዩን ፎቶ ቆርጣ ግድግዳ ላይ ለጠፈችው። «ከሠርግህ ፎቶ ይሻላል» አለችው።

ጥበቃው ሲፈቅድለት ቧንቧውን ሊጨርስ ሄደ። ምድር ቤት ሲወርድ ሾፌሩ ቆሞ ይጠብቀዋል፤ በዚህኛው ጊዜ ከፍርግርጉ ውጭ።

«ባልዲውን ይስጡኝ ጋሼ። ዛሬ እንኳ ቀጠሮ ነበረኝ፤ ሰረዝኩት።»

ሲጨርሱ በኋላ በር ወጡ። ዝናቡ ይወርዳል። ቅርንጫፉ ከተሰበረው ዛፍ ሥር ፎቶ አንሺዎች ሌላ ሰው፣ ሌላ ክስ ይጠብቃሉ። ሾፌሩ ጃኬቱን አውልቆ ራሱ ላይ ሊያደርግ ሲል ጠብታ እጁን ለቀም አደረገው።

«ተው ልጄ! ዝናብ ሰው አይገድልም።»

ሁለቱም ራሳቸውን ገልጠው፣ ሪዙ ውኃ እያንጠባጠበ፣ ቀስ ብለው በካሜራዎቹ መካከል አለፉ። ማንም አላነሳቸውም።