የላፕቶፑ ፍራሽ

ሰው ሁሉ «ቴክኒክ» ብሎ የሚጠራው ይህ ሰው በሙያው ፀጉር አስተካካይ ነው። ቅጽል ስሙ የወጣለት አንድ እሑድ የቤተ ክርስቲያኑ ማይክ አልናገር ሲል ከወንበሩ ተነሥቶ ገመዱን ነቅሎ መልሶ ስለሰካው ነው። ሌላ ያደረገው ነገር የለም። ማይኩ ግን ሠራ፤ ከዚያ ወዲያ አምፖል ሲቃጠልም፣ የበር ቁልፍ አልዞር ሲልም ቴክኒክ ይጠራ ተባለ። እሱ ደግሞ እንቢ ማለት የሚባል ነገር አልፈጠረበትም።

ስለዚህ የእሑዱ አገልግሎት በኢንተርኔት በቀጥታ ይተላለፍ ሲባል ማን ያስተላልፈው ብሎ የጠየቀ አልነበረም። አንድ ላፕቶፕ፣ አንድ ካሜራና ረጅም ገመድ አስረከቡት፤ «እግዚአብሔር ይርዳህ» ብለውት ወደየቤታቸው ሄዱ።

እሱም በልቡ ደስ ብሎት ነበር። ምክንያቱ እታለም ናት። እታለም ታላቅ እህቱ ናት፤ እናታቸው ስታርፍ እሱ ገና ልጅ ስለነበር አጥባ፣ አብልታ፣ ሲያጠፋም ቆንጥጣ ያሳደገችው እሷ ናት። ዕድሜዋን ሙሉ ከመዘምራኑ ተለይታ አታውቅም። ዳሌዋ ተሰብሮ ከተጠገነ ወዲህ ግን ከሦስተኛ ፎቅ መውረድ ቀረባት፤ ሕንፃው ደግሞ ሊፍት የሚባል ነገር የለውም። እሑድ እሑድ አልጋዋ ላይ ትራስ ተደግፋ፣ ታብሌቷን ጭኗ ላይ አድርጋ ወንድሟ የሚያስተላልፈውን ትከታተላለች።

መከታተል ከተባለ ማለቴ ነው። መዝሙሩ ደህና ያልፋል። ስብከቱ ተጀምሮ ጥቂት እንደሄደ ምስሉ ይንቀጠቀጣል፣ ድምፁ ይቆራረጣል፣ ከዚያ ድርቅ ብሎ ይቀራል።

«ዛሬም መጋቢው አፉን እንደከፈተ ቀረ» አለችው አንድ ቀን ሊጠይቃት ሲመጣ። «ምሳዬን በልቼ ጨረስኩ፣ እሱ እቴ፣ እንደከፈተ ነው። ጥርሱን ስቆጥር ዋልኩ።»

«ኔትወርኩ ነው እኮ፣ እታለም።»

«ይሁና። አንተ ምን ታደርግ።»

ይህችን ስትለው ይብስ ያመዋል። እንደ ልጅነቱ ብትቆጣው ይሻለው ነበር።

በዚህ ላይ ሠርግ ደረሰ። የእታለም አንዲት ልጇ በዚያው ቤተ ክርስቲያን ልታገባ ነው። ሐኪሙ እናትየው በሰው ትከሻ ደረጃውን መውረዷን አልወደደውም፤ እሷም «በልጄ ሠርግ እንደ ቁም ሳጥን ተሸክማችሁ አታወርዱኝም» ብላ ቁርጡን ተናገረች። ሌላው ሰው ከክፍሉ ሲወጣ ግን ወንድሟን እጁን ያዘችው።

«ቃል ስትገባ ፊቷን ልየው» አለችው። «ሌላው ይቅርብኝ።»

ቴክኒክ ከዚያን ቀን ጀምሮ ምግብ አልዋጥለት አለ።

ያልሞከረው የለም። ከጎረቤት ቢሮ ሌላ የኢንተርኔት መስመር ለመነ፤ ያው ነው። ገመዱን ቀየረ፤ ያው ነው። ላፕቶፑ ሲበራ አብረው የሚነሡትን ፕሮግራሞች እየለቀመ ዘጋ። የምስሉን ጥራት ዝቅ ሲያደርገው እታለም «መጋቢው ዛሬ ጭጋግ ውስጥ ቆሞ ነው ወይ የሰበከው?» ብላ ጠየቀችው። ኮምፒውተር የሚጠግን አንድ ደንበኛው ፀጉሩን እየተቆረጠ የፕሮሰሰሩን ፍጥነት የሚያሳየውን ገጽ ክፈትና እይ አለው። ከፍቶ አየ። ስብከቱ ላይ ሲደረስ ፍጥነቱ በገዛ ራሱ ወርዶ ልፍስፍስ ይላል። ለምን እንደሆነ ግን አልገባውም።

ከሁሉ የሚያበሽቀው ላፕቶፑ ቤት ሲወሰድ ጨዋ መሆኑ ነው። ካሜራውን በመስኮት ወደ መንገድ አዙሮ ከምሳ እስከ ራት የሚያልፍ የሚያገድመውን ሲያሰራጭ ዋለ፤ አንድም ጊዜ አልተደናቀፈም። ቤተ ክርስቲያን ሲመልሰው ደግሞ ያ አመሉ ይነሣበታል።

«ስብከት አይወድ ይሆናል» አለች ሚስቱ። ቴክኒክ አልሳቀም።

እዚህ ላይ ስለ ጨርቁ መናገር አለብኝ። በዚያ ቤተ ክርስቲያን ልብስ ያልለበሰ ዕቃ የለም። አትሮኖሱ ሽፋን አለው፣ ኪቦርዱ ሽፋን አለው፣ ስፒከሮቹ ሳይቀሩ ዘርፍ ያለው ቀሚስ ለብሰው ነው የቆሙት። አብዛኛው የእታለም የእጅ ሥራ ነው። አዲሱ ላፕቶፕ በባዶ ጠረጴዛ መቀመጡን ስትሰማ ሆዷ አልቻለም፤ አልጋ ላይ ሆና ወይን ጠጅ ከፋይ አስገዝታ፣ ውስጡን ጥጥ ጠቅጥቃ፣ ላዩ ላይ የወይን ሐረግ ጠልፋ ፍራሽ የሚያህል ማስቀመጫ ሰፋችለት። ጠርዙ ከፍ ብሎ ላፕቶፑን ከግራና ከቀኝ እቅፍ ያደርገዋል። «የእግዚአብሔር ቤት ዕቃ ነው፣ ይመቸው» ነበር ያለችው። ጨርቁ የቤተ ክርስቲያን ነውና ከጠረጴዛው ተነሥቶ አያውቅም። ካሜራው ወደ መድረኩ እንጂ ወደ ጠረጴዛው ስለማይዞር እሷም ተነጥፎ አይታው አታውቅም። ግን በየሳምንቱ «ጨርቄስ?» ትላለች። «አለልሽ፣ ያላደነቀው የለም» ይላታል።

በሠርጉ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ሙሽሮቹ ልምምድ መጡ። ቴክኒክም አብሮ ተለማመደ፤ መዘምራኑ የመግቢያውን መዝሙር ደጋግመው ከዘመሩ በኋላ ልክ ቃል ኪዳኑ ላይ ሲደረስ ምስሉ ድርቅ አለ። ሙሽራዋ ከመድረኩ ወርዳ አጠገቡ መጣች።

«አጎቴ፣ እውነቱን ንገረኝ። እማዬ ታየኛለች?»

«ታይሻለች» አላት። አፉ ነው እንጂ ልቡ አላለም።

ሰዉ ሲበተን ብቻውን ቁጭ አለ። ማልቀስም መሳደብም አማረው፤ ቤተ ክርስቲያን ሆነበትና ሁለቱንም ዋጠው። እጁን ጨርቁ ጠርዝ ላይ ጣል አድርጎ ሲተክዝ መዳፉን አንዳች ነገር ፈጀው። ወደ ውስጥ ሰደድ አድርጎ ዳበሰ። ትኩሳት እንደያዘው ሕፃን ግንባር ያቃጥላል።

የፀጉር ማሽኑ ትዝ አለው። አየር ማስገቢያው በፀጉር ሲደፈን እንዲሁ ይግላል፣ ከዚያ ይንቀራፈፋል፤ እፍ ብሎ ሲያጸዳው ነፍስ ይዘራል። ዕድሜ ልኩን በእጁ ይዞት የኖረውን ነገር እዚህ ጠረጴዛ ላይ አላወቀውም። ላፕቶፑን ከእቅፉ አንሥቶ ገለበጠው። አየር የሚገባበት ከሆዱ ነው፣ የሚወጣበት ከጎኑ ነው፤ ሁሉም ጥጥ ውስጥ ተቀብሮ ከርሟል። በባዶው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠውና ስርጭቱን እንደገና አስነሣ። ፍጥነቱ ወጣ፣ በዚያው ጸና። ቀኑ እስኪመሽ ጠበቀው፤ ንቅንቅ አላለም።

በደስታ መዝለል ነበረበት። እሱ ግን ጨርቁን ጭኑ ላይ አድርጎ የሐረጉን ቅጠሎች ይዳስሳል። እታለም ከአልጋዋ ሆና ለቤተ ክርስቲያኗ ልታደርግ የቻለችው ነገር ቢኖር ይኼ ነው፤ ያም መልሶ የገዛ ዓይኗን ጋረዳት። ይህን በምን አፉ ይነግራታል?

ሲመሽ ደወለችለት። «ጨርቄን አራግፈህ አንጥፈው፤ ነገ ሠርግ ነው።»

«እሺ፣ አነጥፈዋለሁ» አላት።

በማግሥቱ ሚስቱን እታለም ዘንድ አስቀምጦ፣ ሱፉን ለብሶ ላፕቶፑ ኋላ ተቀመጠ። ሙሽራዋ ገባች፣ መዘምራኑ ዘመሩ። ቃል ኪዳኑ ላይ ሲደረስ ቴክኒክ ትንፋሹን ዋጠ፤ ምስሉ ግን እንደ ውኃ ወረደ። ልጅቷ ቃሏን ስትናገር አፏ ከድምፁ ጋር እኩል ይንቀሳቀሳል፤ እንባዋ ሲወርድ ሳይቀር ይታያል። ከዚያ ለምርቃት ተንበርከኩ ተባሉ። ሙሽራዋ የምትንበረከክበት ቦታ፣ ከመድረኩ ሥር፣ ካሜራው ፊት ለፊት፣ ወይን ጠጁ ከፋይ ተነጥፎ ይጠብቃታል። አውቃዋለች። ከመንበርከኳ በፊት ጎንበስ ብላ በእጇ ዳበሰችው።

ሰዉ ወደ ግብዣው ሲሄድ ቴክኒክ የሦስተኛውን ፎቅ ደረጃ እየተንደረደረ ወጣ። እታለም ዓይኗ አባብጧል፤ ታብሌቷን ደረቷ ላይ አቅፋዋለች።

«አየሻት?»

«አየኋት። ሽፋሽፍቷን ሁሉ ቆጠርኩ። ጨርቄንም አየሁት። ሰፍቼ ከላክሁት ወዲህ ገና ዛሬ ማየቴ ነው።»

«አማረ አይደል?»

«አማረ። ላፕቶፑስ ታዲያ ምን ላይ ተቀመጠ?»

ቴክኒክ ጫማውን አየ። «በባዶው ጠረጴዛ።»

እታለም ጥቂት አሰበች። ፊቷ ቀስ ብሎ ተለወጠ።

«ለካ እኔ ነኝ ያን መጋቢ አፉን አስከፍቼ ያዋልኩት» አለች። ሳቋ መጣ፤ ሳቁ መሐል ላይ ልቅሶ ሆነ፤ ወንድሟም አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጦ አብሯት አለቀሰ። አንገቱን በእጇ ስባ ሳመችው።

«ልትነግረኝ ፈርተህ ነው አይደል፣ አንተ ሞኝ።» አፍንጫዋን በመሐረቧ ጠረገች። «በል አሁን የክር ሳጥኔን አቀብለኝ። ሙሽራው በባዶ ወለል ተንበርክኮ ጉልበቱን ሲያሻሽ አይቼዋለሁ።»