«ለምን?» የምትለው መምህርት

ውጤት በተለቀቀበት ዕለት፣ የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ ሊገባ ሲቃረብ፣ መምህርት የትምወርቅ ሳሙና ልትገዛ ወደ ናጂያ ሱቅ ጎራ አለች። የሱቁ ደጅ በተማሪ ተጨናንቋል። ናጂያ የስልኳን ኢንተርኔት ከፍታላቸው፣ ልጆቹ በካፊያው እየተጋፉ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤታቸውን ያያሉ። ሶሲ የምትባል ልጅ ተራዋ ደርሶ ቁጥሯን አስገባች። ከዚያ ስልኩን ደረቷ ላይ ለጠፈችው።

ናጂያ አየቻት።

«ኔትወርክ ሄደ። ዞር ዞር በሉ፣ ሲመጣ እጠራችኋለሁ» አለች ድምፅዋን ሳትቀይር።

ኔትወርኩ አልሄደም ነበር። ልጆቹ እያጉረመረሙ ሲበተኑ ናጂያ ሶሲን ወደ ውስጥ አስገብታ የስኳር ጆንያ ላይ አስቀመጠቻት፤ ሰው እንዳያያት በሩን ገርበብ አደረገችላት። የትምወርቅ ሳሙናውን ሳትገዛ ተመለሰች። ሶሲ የእሷ ተማሪ ነበረች።

ሳይመሽ ሁሉም ተሰማ። ከጎረቤት ክፍል ሁለት ልጆች አልፈዋል። የትምወርቅ ከለፋችበት ክፍል ግን አንድም ልጅ አላለፈም።

የትምወርቅ የባዮሎጂ አስተማሪ ናት። ሶዶ ተወልዳ ያደገች፣ ወላይትኛን ከሰፈር ልጆች ጋር በጨዋታ የለመደች ሴት ናት። ብዙ ዓመት ያስተማረችው እንደ ማንኛውም መምህር ነበር። ኖቱን በእንግሊዝኛ ሰሌዳ ላይ ትጽፋለች፣ ልጆቹ ይገለብጣሉ፣ ይሸመድዳሉ፣ በፈተና መልሰው ይጽፉላታል፣ እሷም ታርማለች። ይህን ያስተዋት ዘሩባቤል ነው።

ዘሩባቤል ከዱቦ በኩል የመጣ፣ ሶዶ ቤት ተከራይቶ የሚማር ልጅ ነበር። የዕፅዋት በሽታ እንዴት እንደሚተላለፍ በፈተና ስትጠይቅ፣ በበሽታው የተበከለ መሣሪያ ሌላውን ተክል እንደሚበክል አንድ ቃል ሳይስት በእንግሊዝኛ ጻፈ። ሙሉ ማርክ ሰጠችው፤ ለክፍሉም አነበበችለት። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ልጁ ቤተሰቦቹ ዘንድ ሄዶ ያለ ስንቅ ተመለሰ።

«እንሰታችን ጠወለገ፣ ቲቸር። ጓሮው በሙሉ።»

«እንዴት ጀመረው?»

«እንጃ። ባለፈው ስሄድ ከጎረቤት ቢላ ተውሼ የቆረጥኩት እኔ ነኝ። የነሱ አስቀድሞ ታሞ ነበር።»

«ቢላውን ሳታጸዳው?»

«ቢላው ምን ሆነና?»

የትምወርቅ የፈተና ወረቀቱን አውጥታ ሰጠችው። ሳይደናቀፍ አነበበው። «አሁን ደግሞ በወላይትኛ ንገረኝ» አለችው። ጀመረ። መሃል ላይ ሲደርስ ቆመ፤ ወረቀቱን የያዘው እጁ ቀስ ብሎ ወረደ።

«ቲቸር፣ ይሄ ስለኛ ጓሮ ነው እንዴ?»

ልጁ በዚያው መንፈቅ ትምህርቱን ጥሎ የቀን ሥራ ፍለጋ ሻሸመኔ ሄደ። የሚበላ ያልተረፈው ቤት ተማሪ አያኖርም። ያ ሙሉ ማርክ ግን የትምወርቅን እንደ እሾህ ወግቷት ቀረ። የሰጠችው እሷ ናትና።

ከዚያ ወዲህ ክፍለ ጊዜው ሊያልቅ ሲል ደብተር ታስዘጋለች። ዛሬ የገባችሁን በምታስቡበት ቋንቋ ጻፉ፤ ቤት ላለ ሰው እንደምታስረዱ አድርጉት፤ ከዚያ ወደ እንግሊዝኛ መልሱት ትላለች። ከሥሩ የምትጽፈው አንድ ቃል ነው፤ «ለምን?»። ቀጥላ እነሱም እንዲያጽፉ የታሪክ መምህሩን አምባቸውን ለመነች፤ የሒሳቡን ሰብስቤንም።

«ሒሳብም ድርሰት ሆነ እንዴ የትምዬ?» ብሎ ሳቀባት ሰብስቤ። «ኤክስን በግጥም እናውጣው?»

«መልሱን አይደለም፤ ለምን እንደዚያ እንደሠሩት ይጻፉ።»

በሳምንቱ ወረቀት ታቅፎ መጣ። «ይሄ ልጅ መልሱን አግኝቷል። ለምን እንደዚያ ሠራህ ስለው ምን ብሎ ጻፈ መሰለሽ? ‹ቲቸር እንደዚያ ስላደረገው።›» መሳቅ ጀምሮ ተወው። ከዚያ ቀን ወዲህ እሱም ማጻፉን አልተወም።

ይህ ሁሉ ከውጤቱ በፊት ነው። ውጤቱ በመጣ ሳምንት ወላጆችና መምህራን ተሰበሰቡ። ምክትል ርዕሰ መምህሩ ነገሩን አላስረዘሙትም።

«ፈተናው ምርጫ ነው። ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ። አንቺ ታጽፊያለሽ።»

የሶሲ አባት አቶ ገብረአማኑኤል ተነሡ። «ልጄን የላክኋት እንድታልፍ ነው። ማመልከቻ ጸሐፊማ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ሞልቷል።»

አንዳንዱ ሳቀ። የትምወርቅ ሌሊት ስትገላበጥበት የነበረውን ነው የጠየቋት። የወሰደችው ጊዜ ልጆቹን ጎድቶ እንደሆነስ? አልጎዳም ብላ ለመማል ድፍረት አጣች። አምባቸው በመስኮት ያይ ነበር፤ ሰብስቤ ጫማውን።

ተወሰነ። ማጻፍ በየትኛውም ትምህርት ይቅር፤ የጥያቄ ሺት ብቻ ይሠራ። የትምወርቅም ከክፍል ወጥታ የመጻሕፍት መጋዘኑን ትረከብ።

ሰብስቤ ግቢው በር ላይ ደረሰባት። «ልጆች አሉኝ የትምዬ። እኔም መጋዘን ብገባ…»

«አውቃለሁ ወንድሜ።»

ጊፋታ አለፈ። ሰፈሩ ሥጋ ሲካፈል እሷ ቤቷን ዘግታ ዋለች። ትምህርት ሲከፈት መጋዘን ውስጥ አቧራ ስታራግፍ፣ ሶሲ ሦስት ልጆች አስከትላ መጣች። በግል ልትፈተን ነው።

«ቲቸር፣ መጻፉን እንቀጥል።»

«ፈተናው ጣለሽ እኮ፣ ልጄ።»

«ጥሎኛል። ግን አሁን ሳነብ ያልገባኝ የቱ እንደሆነ አውቀዋለሁ። ድሮ ሁሉም የገባኝ ነበር የሚመስለኝ።»

የትምወርቅ ፊቷን ወደ መደርደሪያው አዞረች። ለዚህች ቃል ይመስገን ልበል ወይስ ላልቅስ ብላ አሰበች። መጀመሪያ አመሰገነች፤ ልቅሶው ራሱ መጣ።

በትምህርት ቤቱ ክፍል መጠቀም አይቻልም። የእሷም ቤት ከአልጋዋ የሚተርፍ ቦታ የለውም። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ጎረቤቷን፣ ይህን የሚጽፈውን ሰው፣ አጥሩ ጥግ ላይ አገኘችው።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በረንዳዎን ለልጆቹ ይስጡልኝ።»

«በረንዳውማ የእግዚአብሔር ነው፤ ኑ።»

«እሱ ብቻ አይደለም። እርስዎ ባዮሎጂ ተምረዋል?»

«ከስድስተኛ ክፍል ወዲህ የተማርኩት ያገኘሁትን እያነበብኩ ነው። ባዮሎጂማ አላውቅም።»

«እንግዲያው እርስዎም ይቀመጡልኝ። የጻፉትን ያንብቡልዎት። እኔ ሳነበው የጎደለውን ሳላስበው እሞላዋለሁ፤ ስለማውቀው። እርስዎ ፊት ግን ከወረቀቱ በቀር የሚረዳቸው የለም።» ነጠላዋን አስተካከለች። «ልጆች ሲያፍሩ ማየት አይችሉም እርስዎ፤ የምፈራው እሱን ነው። እባክዎን ጋሼ፣ ሳይገባዎ ገባኝ እንዳይሏቸው።»