ሳር ያልሸፈነ በረዶ

ይቺን ስሙኝ፣ ከዛ ትፈርዳላችሁ።

እዚህ ፈረንጅ አገር፣ ኦስትሃፈን የሚሉት ወደብ ጋ ያለ ላገር፣ መጋዘን ማለት ነው፣ ውስጥ ካርቶን እንጭናለን። አብረውኝ የሚሠሩ አንድ ኤርትራዊ ሽማግሌ ነበሩ፤ አማርኛቸው ከኔ ይሻላል፣ እኔ ስምንተኛን ሳልጨርስ ነው የወጣሁት። አምና ብርዱ እንደገባ ሼፋችን፣ አለቃው ማለት ነው፣ ሠራተኛውን ተራራ ላውጣ አለ። ሰፊ ጫማ አስረህ በረዶ ላይ በእግር መሄድ ነው።

መጀመሪያ ግቢው ውስጥ አለማመደን። ደረት ላይ የምትታሰር ትንሽ መሳሪያ አለች፤ የበረዶ ናዳ ከዋጠህ የሌሎቹ መሳሪያ ያንተን ሰምቶ ጢጥ ጢጥ ይላል፣ በዛ ቆፍረው ያወጡሃል። ሲያድል አነሰው። ለኛ ለሁለታችን አንድ።

"እናንተ መቼም አትለያዩም" አለ እየሳቀ። "ደሞ ወቅቱ ገና ነው፣ ሳሩ እንኳን አልተሸፈነም። የምን ናዳ?"

አውቶብስ ውስጥ ክርክር።

"እንካ እሰራት፣ ወደይ" አሉኝ ሽማግሌው፤ ልጄ ማለታቸው ነው።

"በሞቴ፣ እርሶ ይሰሯት።"

"እኔማ ጠገብኩ። አንተ ገና ሚስት እንኳ አላገኘህ!"

"ባለቤትዎ ሲጠይቁኝ ምን ልበል ታዲያ?"

"ተገላገልሽ በላታ!"

እምቢ ሲሉ ሳያዩኝ ቦርሳቸው ውስጥ ከተትኳት። ለካ አይተውኛል፤ አውጥተው የኔ ቦርሳ ውስጥ ከተቷት። እኔ ደሞ ይሄን ሳላውቅ ቦርሳዬን አውቶብሱ ውስጥ ትቼ ወረድኩ። ካፖርት ለብሰናል፣ ማን እንዳሰራት አይታይም። ብጠይቃቸው መልሰው ሊሰጡኝ ነው ብዬ ዝም አልኩ። እሳቸውም እንደዛው።

ሼፉ ከመነሳታችን በፊት የሁሉም መሳሪያ ይፈተሻል ብሎ ነበር። በረደው መሰለኝ፣ ዘለለው።

ዳገቱ ላይ ድንጋይና ሳር ይታያል። ጥላ ያለበት ጎድጓዳ ጋ ግን ነፋስ ያከማቸው በረዶ አለ። ከስር የመጀመሪያው በረዶ እንደ ስኳር ፈርሷል፣ አዲሱ ላዩ ላይ ተኝቷል፤ ይሄን የነገሩን በኋላ ነው። "አንድ በአንድ ተሻገሩ" አለ ሼፉ። ሽማግሌው መሃል ሲደርሱ ዱፍ አለ። በረዶው ተሰነጠቀና ይዟቸው ወረደ።

ሁሉም መሳሪያውን ይዞ መፈለግ ጀመረ። ጢጥ የሚል የለም። ሼፉ ዞሮ አየኝ።

"መሳሪያዋ እሱ ጋ ናት አይደል?"

"እሳቸው ጋ ናት" አልኩ።

ያገኘናቸው በጓንታቸው ነው፣ ጫፉ ብቅ ብሎ። በእጅ ቆፈርን። በሕይወት ነበሩ፤ እግራቸውን ግን ድንጋዩ ሰብሮታል። በረዶው ስስ ነዋ፣ ድንጋዩን መች ሸፈነው።

"አንተ ጋ ናት ብዬኮ ነው" አሉኝ።

አሁን በከዘራ ነው የሚሄዱት፣ ሥራም ቀርቷል። ሼፉ ፓውዘ፣ የእረፍት ሰዓት ላይ "ሁለቱ አንተ እሰር፣ አንተ እሰር ሲባባሉ የመጣ ነው" እያለ ያወራል። ይሁን፣ እሱን አልክድም። ግን እሳቸው ቢያስሯት እኔ ባዶ ደረቴን ነኝ፣ እኔ ባስራት እሳቸው። አንዷን ለሁለት ሰው የሰጠኸን አንተ ሼፉ፣ ናዳው ሁለታችንንም ቢወስደን ማንኛችንን ልታወጣ ነበር ያሰብከው?